ከአሲዱ በፊት ቅባቱ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት አርባ ምንጭ ውስጥ ከፋርማሲ ባንኮኒ ኋላ የሚቆም ሰው የሚሰማው ጥያቄ ተለውጧል። ቀደም ሲል ለፊት ቆዳ የሚጠየቀው ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን፣ ግፋ ቢል የብጉር ቅባት ነበር። አሁን ከሲቀላም ከሴቻም የሚመጡ ወጣቶች ስልካቸውን ወደ እኔ አዙረው «ግላይኮሊክ አለ? ሳሊሲሊክስ?» ይላሉ። አብረዋቸው የመጡ እናቶች ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኅቴ፣ ይኼ ነገር አሲድ ነው አሉኝ። አሲድ ፊት ላይ ይደረጋል እንዴ?» ብለው ይጠይቁኛል።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ለብዙዎቻችን አሲድ ማለት የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው፣ የነካውን ሁሉ የሚበላው ፈሳሽ ነው። ለፊት የሚሸጠው ከዚያ በጣም የተለየና የለዘበ ነው፤ በልኩ ከሆነ ይጠቅማል። ነገር ግን ከእሱ በፊት መቅደም ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ቆዳን የሚያለሰልስ ቅባትና ከፀሐይ መከለል። ተጎድቶ ከማየው ፊት አብዛኛው ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ነው።

አሲዱ ምን ይሠራል?

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የሞቱ ሴሎች ድርድር ነው። በመካከላቸው ያለው ስብ ያያይዛቸዋል፤ የውስጡ ውሃ እንዳይወጣ፣ የውጭው ጀርም እንዳይገባ ያግዳል። የዶርዜን ቤት ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቤቱን የሚያቆመው የተሸመነው ቀርከሃ ነው፤ ዝናቡን የሚመልሰው ግን ከላይ የለበሰው ክዳን ነው። ክዳኑ የተገፈፈ ቤት ቢቆምም ያፈሳል።

ወጣት ቆዳ ይህን ሽፋን በአንድ ወር ገደማ ያድሳል። ዕድሜ ሲገፋ እድሳቱ ይዘገያል፤ የአያቶች ቆዳ የሚደርቀውና የሚሻክረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። አሲዶቹ የሚያደርጉት የሞቱት ሴሎች እርስ በርስ የተያያዙበትን ማላላት ነው። ያኔ አሮጌው ይረግፋል፣ አዲሱ ይታያል።

ገበያ ላይ የሚበዙት ሦስት ናቸው። ላክቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው ነው፤ ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼለ እ.ኤ.አ. በ1780 ከኮመጠጠ ወተት ለይቶ ያወጣው እሱን ነው። ግላይኮሊክ አሲድ በሸንኮራ አገዳ ውስጥ ይገኛል። ሁለቱም በውሃ የሚሟሙ ስለሆኑ ሥራቸው ከላይ ነው፤ ለሻካራና ለደበዘዘ ቆዳ፣ ብጉር ትቶት ለሄደው ጥቁር ምልክት ያግዛሉ። ሦስተኛው ሳሊሲሊክ አሲድ ግን በዘይት ስለሚሟሟ ወዙ ወደሚወጣበት ቀዳዳ ይገባል። ለብጉር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሳሊሲሊክ አሲድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ለጭርትና ለእግር ፈንገስ የሚሰጠው ዊትፊልድ ቅባት 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድና 3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ የያዘ ነው። እሱ ግን ለፊት የተሠራ አይደለም። ለፊት የሚሆነው የሳሊሲሊክ መጠን ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ነው። ግላይኮሊክና ላክቲክ ደግሞ ለቤት አገልግሎት ከ10 በመቶ እንዳያልፉ፣ የኮምጣጣነት መለኪያቸው የሆነው ፒኤችም ከ3.5 እንዳያንስ ይመከራል።

ሎሚ የሚቀቡትን ሰዎች የማስጠነቅቀውም በዚህ ቁጥር ነው። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 ገደማ ነው፤ በፒኤች መለኪያ የአንድ ቁጥር ልዩነት ደግሞ የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው። ከዚያም በላይ ሎሚ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ከፀሐይ ጋር ሲገናኙ ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋሉ። «ከዛፍ የተለቀመ ነውና አይጎዳም» የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም።

የጨንቻ ብርድ፣ የአርባ ምንጭ ሙቀት

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህች አጭር መንገድ ቆዳችን ሁለት የተለያዩ ጠባቂዎች ይፈልጋል።

ብዙ ሰው ፀሐይ የሚጎዳው ቆላ ብቻ ይመስለዋል። ቆዳን የሚጎዳው ግን ሙቀቱ ሳይሆን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ጋቢ ለብሶ ጨንቻ ገበያ የዋለ ሰው፣ ብርዱ ቢያታልለውም፣ ሐይቁ ዳር ከዋለው ይልቅ ብርቱ ጨረር ሊያገኘው ይችላል። ስስ ደመናም አያስቆመውም። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ዓመቱን ሙሉ ጨረሩ አይለየንም።

ታዲያ አሲድ የተቀባ ቆዳ ለዚህ ጨረር የበለጠ ይጋለጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ፣ እንደ ግላይኮሊክና ላክቲክ ያሉ አሲዶች ያሉባቸው መዋቢያዎች ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ መክሯል። ተጠቃሚው በሚቀባበት ወቅትና ካቆመም በኋላ ለአንድ ሳምንት ከፀሐይ እንዲከለል የሚያሳስብ ነው። ጠዋት አሲድ ተቀብቶ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ፣ ገንዘብ ከፍሎ ማድያትና ጥቁር ምልክት እየገዛ ነው።

እግር ለፊት ያስተማረው

ቅባት ምን ያህል እንደሚያድን በተግባር የታየው በእግር ላይ ነው። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄዱ ሰዎችን የሚይዘውን የእግር ዝሆኔ፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉትን፣ በጋሞ ደጋማ ቀበሌዎች የማያውቀው የለም። ሕክምናው ቀላል ነገሮችን ያጣመረ ነው፤ እግርን በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ጫማና ካልሲ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዲህ ያለው እንክብካቤ ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ይዞ የሚመጣውን ግርሻ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የታተመ ሌላ የአገራችን ጥናት ደግሞ በእግር መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን መጨመር በሦስት ወር ውስጥ የቆዳውን እርጥበትና የመከላከል አቅም እንዳሻሻለ አረጋግጧል።

የፊት ቆዳ ከእግር ይሳሳል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ግሊሰሪን ውሃን ይስባል፣ ቫዝሊን የተሳበው ውሃ እንዳይተን ይከድናል። ሁለቱም ከማንኛውም ሴረም ርካሽ ናቸው፤ በየፋርማሲው ይገኛሉ።

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ

አንድ ቀን አንዲት አያት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሥር ተሸፋፍናለች። ስትገልጠው ጉንጮቿ ቀልተው ተላልጠዋል፤ ዙሪያው ጠቁሯል። ለሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት አልሄደችም።

ቦርሳዋን አስከፈትኳት። ማታ ማታ የምትቀባው 10 በመቶ ግላይኮሊክ አለ። ጠዋት የምትቀባው፣ ስምም የአምራች አድራሻም የሌለው «የሚያጠራ» ክሬም አለ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሎሚ። ፊቷን የሚያለሰልስ ቅባት ግን አንድም የለም፤ «ወዝ ብጉር ያመጣል» ብለዋት ትታዋለች።

«እማማ፣ አሁን ሁሉም ይቁም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት» አልኳቸው። ወደ ቆዳ ሐኪም ላክኋቸው። እስከዚያው ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፣ ቫዝሊን በስሱ መቀባት፣ ጃንጥላ መያዝ ብቻ ነበር የተፈቀደላት። ቃጠሎው በቶሎ ዳነ። ጥቁሩ ምልክት ግን ወራት ወሰደ። ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ የሚመልሰው በቀለም ነውና፣ ጥቂት ብጉር ለማጥፋት የተጀመረው ነገር ፊቷን ሙሉ አጠቆረው።

ስም የለሽ ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሃይድሮኪኖን፣ እንደ ክሎቤታሶል ያሉ ብርቱ ስቴሮይዶች፣ አልፎ አልፎም ሜርኩሪ ናቸው። ስቴሮይድ በመጀመሪያው ሳምንት ፊትን ያማረ ያስመስላል፤ ውሎ አድሮ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉርና የደም ሥር ያወጣል። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የሚቀባው ሰው ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚተኛው ሕፃንም ሊመረዝ ይችላል። እንዲህ ያለ ክሬም ለወራት የተቀባ ሰው በድንገት ሲያቆም ፊቱ ሊቆጣ ስለሚችል ሐኪም እያየው ቢያቆም ይሻላል።

በቤት እንዴት ይሁን?

በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት አሲድ አያስፈልግም። ጠዋትና ማታ ለስላሳ ሳሙና ይበቃል፤ የልብስ ሳሙናም፣ በሸካራ ነገር መፈግፈግም ይቅር። ፊት ከታጠበ በኋላ እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቅባቱ ይቀባ። አርባ ምንጭ ላይ ላብ ስለሚበዛ ግሊሰሪን ያለበት ቀለል ያለ ሎሽን ይሻላል፤ ጨንቻና ዶርዜ ላይ ግን ብርዱና ነፋሱ ወፍራም ክሬም ወይም ቫዝሊን ይጠይቃል። ንጹሕ ግሊሰሪን ከሆነ በውሃ ይቅጠን። ቅቤ ለፀጉር የቆየ ወዳጃችን ነው፤ ብጉር ያለበት ፊት ላይ ግን በሙቀት ወቅት ቀዳዳ ይደፍናል።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ይያዝ። አቅም ከፈቀደ መከላከያው 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን ይጨመር። አልቢኒዝም ላለበት ልጅ ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ ከቆዳ ካንሰር የሚጠብቀው ነው።

ከአራት ሳምንት በኋላ ቆዳው ሰላም ከሆነና አሁንም ብጉር ወይም ሻካራነት ካለ አንድ አሲድ ብቻ ይመረጥ። ለብጉር ሳሊሲሊክ፣ ለሻካራነትና ለጥቁር ምልክት 5 በመቶ ላክቲክ ጥሩ መጀመሪያ ነው። አስቀድሞ ከጆሮ ጀርባ ተቀብቶ ሁለት ቀን ይታይ። ከዚያ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ፣ በደረቀ ፊት፣ በስሱ፣ ከዓይንና ከከንፈር አርቆ መቀባት ነው፤ በላዩ ቅባት ይደረብበታል። ትንሽ መቆንጠጥ ያለ ነው፤ ማቃጠል ካለ ግን ወዲያው ይታጠብ። ሁለት ዓይነት አሲድ በአንድ ማታ፣ ወይም አሲድ ከሬቲኖል ጋር አይደረግም። የብጉር ለውጥ ለማየት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያስፈልጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ እዚህ ላይ የቸኮለ ይጎዳል።

አሲድ ለሕፃናትና ለልጆች አይሆንም። ችፌ ወይም ቁስል ያለበት ፊትም አይነካ። አስፒሪን የማይስማማው ሰው ከሳሊሲሊክ ይራቅ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ማንኛውንም ከመጀመሯ በፊት ሐኪም ታማክር። አያቶች ቆዳቸው ስስና ደረቅ ከሆነ ጥሩ ቅባት ብቻውን ይበቃቸዋል።

በቅባት የማይታለፉ ምልክቶችም አሉ። በአንድ ወር የማይድን የፊት ቁስል፣ መጠኑ ወይም ቀለሙ የሚለወጥ ጥቁር ነጥብ፣ ከአካባቢው የነጣና ሲነኩት የማይሰማ ቆዳ ካለ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የመጨረሻው የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ከተያዘ ይድናል፣ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ስለ ፊቱ ሲጨነቅ «ይኼ ደግሞ ምን ቁም ነገር ነው?» አትበሉት። በአሥራ አምስት ዓመት ፊት ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ከእናንተ መልስ ያጣ ልጅ ስልኩን ይጠይቃል። ዛሬ ማታ ቁጭ በሉና ያለውን ጠርሙስ ሁሉ አብራችሁ አንብቡ። ስም፣ መቶኛ፣ አምራችና የማብቂያ ቀን የሌለው ካለ ይጣል። የተረፈው ውስጥ ቅባት ከሌለ፣ ነገ የሚገዛው እሱ ነው።