ከማሽን አጠገብ የሚውል ጆሮ

ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ከሆነ፣ ወይም ልጅዎ በየማለዳው በሰርቪስ ፓርኩ ወዳለበት ወደ መልካ ጀብዱ የምትሄድ ከሆነ፣ ይህ ማብራሪያ ለእርስዎ ነው። (ድሬዎች አንቱታ ብዙም እንደማትወዱ አውቃለሁ፤ ለጽሑፍ ወግ ሲባል ቻሉኝ።) ፓርኩ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ ከተጠቃለለ ወዲህ ከማሽኑ ሌላ የመጋዘንና የጭነት ሥራም አለ። ከአንገት በላይ የሚያስቸግሩት ነገሮች ግን ያው ናቸው፦ ድምፅ፣ አቧራና ሙቀት።

ከሁሉ የሚያሳስበው የቱ ነው? ድምፅ ነው። ጉሮሮ ይድናል፣ አፍንጫ ይከፈታል፤ በጩኸት የጠፋ መስማት ግን አይመለስም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ድምፅ የጆሮን ታምቡር ያንቀጠቅጣል። ታምቡሩ ከጀርባው ላሉት ሦስት ደቃቅ አጥንቶች ያስተላልፋል። እነሱ ደግሞ ኮክሊያ ለሚባለው እንደ ቀንድ አውጣ ለተጠቀለለው ክፍል ያቀብላሉ። እዚያ ውስጥ ፀጉር የሚመስሉ ሕዋሳት አሉ፤ ድምፁን ወደ አንጎል የሚልኩት እነሱ ናቸው። ጩኸት ሲበዛባቸው ይዝላሉ፣ ሲደጋገም ይሞታሉ። ከሞቱ ምትክ የላቸውም።

ምን ያህል ጩኸት ነው የሚጎዳው? የድምፅ ጉልበት የሚለካው በዴሲቤል ነው። በሰፊው የሚሠራበት መጠን በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት ብቻ ይሆናል። መለኪያ ከሌለዎት፣ አንድ ክንድ ርቆ ከቆመ ባልደረባ ጋር ለመግባባት መጮህ ግድ ካለዎት፣ ያ ቦታ ለጆሮ አደገኛ ነው።

ጉዳቱ እንዴት ይታወቃል? መጀመሪያ ከፈረቃ ሲወጡ ጆሮ ጭው ይላል፣ ይደፈናል። ሲነጋ ይለቃል፤ ሰውም የሚዘናጋው ለዚህ ነው። ቆይቶ ቀጫጭን ድምፆች ይጠፋሉ። ሰው ሲያወራ ይሰማዎታል፣ ነገር ግን «ሰማ» ይበል «ሸማ» አይለይልዎትም። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ጮኸ ብለው የሚያማርሩት ሌሎች ናቸው፤ ታማሚው ራሱ የሚያውቀው በመጨረሻ ነው።

መከላከያው ርካሽ ነው፤ ስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ። ችግሩ ብዙ ሰው ጫፉን ብቻ አስገብቶ የደፈነ ይመስለዋል። እጅዎን ታጥበው ስፖንጁን በጣቶችዎ መሐል አሽተው ያቅጥኑት። በሌላኛው እጅዎ፣ በራስዎ ላይ አሻግረው፣ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ። ያስገቡትና እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣትዎ ይያዙት። በደንብ ከገባ የራስዎ ድምፅ ወፍሮ ይሰማዎታል። ለአጭር ጊዜም ቢሆን ማውጣት ጥቅሙን በብዙ ይቀንሰዋል። የስልክ ኤርፎን መድፈኛ አይደለም፤ እንዲያውም ማሽኑን ለማሸነፍ ሙዚቃው ከፍ ይደረግና ጩኸት በጩኸት ላይ ይሆናል።

ጆሮ የሚደፈነው ሁሌ በጩኸት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ኩክ ነው። ኩክ ቆሻሻ አይደለም፤ አቧራ ይይዛል፣ ቆዳውንም ይጠብቃል። በክብሪት እንጨት፣ በቁልፍ ወይም በጥጥ ስንጥር ሲጎረጎር ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ጆሮዎ የማይመግልና ታምቡሩ ያልተበሳ ከሆነ ለጥቂት ቀናት ሁለት ሦስት ጠብታ የወይራ ዘይት ያለሰልሰዋል። ካልወጣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ኦቶስኮፕ በተባለ መብራት ያለው መሣሪያ አይተው ለብ ባለ ውሃ ያጥቡታል። መግል የሚያወጣ ጆሮ ግን ዘይትም ውሃም አይነካውም፤ ሐኪም ይየው።

አፍንጫስ? የጨርቅ ብናኝና የድሬ አቧራ ተደራርበው ማስነጠስ፣ ማሳከክና እንደ ውሃ የቀጠነ ንፍጥ ያመጣሉ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ ነው፤ ሰውነት ለብናኝ ከልክ በላይ ሲቆጣ ማለት ነው። ብዙዎች ወዲያው «ሳይነስ ነው» ይላሉ። ሳይነስ በፊት አጥንት ውስጥ ያሉ ክፍት ቦታዎች ሲቆጡ የሚመጣ ነው፤ ጎንበስ ሲሉ ፊት ይከብዳል፣ ንፍጡ ይወፍራል። ለሁለቱም ፈልቶ በቀዘቀዘና ጥቂት ጨው በገባበት ውሃ አፍንጫን ማጠብ ይረዳል። ወጪው የጨው ዋጋ ነው። አፍንጫን ወዲያው የሚከፍተውን ጠብታ ግን ከአምስት ቀን በላይ አይጠቀሙ። ሲለምደው ያለ ጠብታ አልከፈትም ይላል፣ እርስዎም በየሳምንቱ ብልቃጥ ይገዛሉ።

የጉሮሮ ሕመም ከንፍጥና ከሳል ጋር ከመጣ በአብዛኛው ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይሠራለትም፣ ብሩ ይባክናል። ሳል ሳይኖር ከፍተኛ ትኩሳት፣ ቶንሲል ላይ ነጫጭ ነጠብጣብና የአንገት እጢ ካለ ይታዩ። ባክቴሪያ ሆኖ ሳይታከም ቢቀር፣ በተለይ በልጆች ላይ፣ ልብን ሊጎዳ ይችላል። የታዘዘልዎትን መድኃኒት ሻል ሲልዎት ሳያቋርጡ ይጨርሱ። ልጅን እንጥል ማስቆረጥ ደምና ኢንፌክሽን እንጂ ፈውስ አያመጣም። ድሬ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝን ስላየች፣ ከትኩሳት ጋር ቁርጥማት ካለ ሳይመረመሩ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይዋጡ፤ ሕመሙ ደንጊ ከሆነ መድማትን ያብሳሉ።

ማን ይከፍላል? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ የአሠሪው ነው፤ በአግባቡ መጠቀም ደግሞ የእርስዎ። ሕመሙ ከሥራው የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ የሕክምናው ወጪም የአሠሪው ነው። ተራ ሕመም ከሆነ፣ የሙከራ ጊዜዎን ከጨረሱ፣ የመጀመሪያው ወር የሕመም ፈቃድ በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል።

ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ካርዱም ምርመራውም እዚያ ይረክሳል። ከበድ ካለ ወደ ሳቢያን ወይም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉልዎታል፤ ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት የሚያስፈልገውን የሚለዩትም እነሱ ናቸው። አንድ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በአንድ ቀን ውስጥ መስማት ካቆመ ግን ተራ አይጠብቁ፤ መድኃኒቱ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

ጩኸት ያለበት ክፍል ሊመደቡ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት የመስማት ምርመራ ይጠይቁ። በጆሮ ማዳመጫ ቀጫጭንና ወፍራም ድምፅ እያሰሙ ሲሰማዎት ቁልፍ የሚያስጫኑበት፣ የማያምም ምርመራ ነው። የውጤቱን ቅጂ ቤትዎ ያስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ መስማትዎ ቢቀንስ፣ ሲገቡ ጤነኛ እንደነበሩ የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው።