ዋጋው አልጨመረም፣ ሰውም አልበላም

ፈረንጆች ከባዱን ጉዳይ ትቶ በማይረባ ነገር የተጠመደ ሰው ሲያዩ «ሮም እየነደደች ቫዮሊን ይጫወታል» ይላሉ። ተከሳሹ ኔሮ ነው። እሳቱ እ.ኤ.አ. በ64 ሲነሳ ግን ቫዮሊን ገና አልተፈጠረም ነበር እኮ! ኔሮ የሚደረድረው የኛን ክራር የሚመስል መሣሪያ ነው። ክራር ከተነሳ ደግሞ አምባሰል መነሳቱ አይቀርም፤ እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ቅኝቱን ሳይሆን አገሩን ነው።

የኛን ኔሮ ሁላችንም እናውቀዋለን። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም የቤተ መንግሥት ድግስ ተቀላቅሎበት በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። ደርግ ቆርጦ ቀጥሎ ነው ያሳየው፤ ቢሆንም ረሃቡ መደበቁ እውነት ነው። ምስሉ ኃይለኛ ስለሆነ ግን ሌላውን ነገር የጋረደብን ይመስለኛል። ድግስ የሌለበት ቸልታም አለ።

ኢኮኖሚክስ ስማር፣ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ወሎ የጻፈውን ሳነብ ደነገጥኩ። በ1965 አዝመራው ከሽፎ የአምባሰል፣ የየጁና የራያ ገበሬ ሲራብ፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ከቀድሞው ብዙም አልራቀም። ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ የወጣ እህል ነበር። ለምን? ማሳው ያልሰጠው ገበሬ የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውም የለውም። ብር ያልያዘ ሰው ደግሞ ምንም ቢርበው ዋጋ አያስወድድም። በቃ፣ ገበያው አይሰማውም።

የተራበው ሕዝብ የወረደው ደሴን ከሰሜን ወደሚያገናኘው ዋና መንገድ ነው፤ ሐይቅ ከተማ ያለችበት መንገድ ማለት ነው። እዚያ መኪና እያስቆመ ይለምናል። ቢሮው ቁጭ ብሎ የእህል ዋጋ ዝርዝር የሚያይ ሰው ግን «ኧረ ሰላም ነው፣ ምን ችግር አለ?» ሊል ይችላል። ሳይዋሽ!

ዛሬም «ገበያው ተረጋግቷል» የሚል ዜና ስሰማ የጤፍ ዋጋ ብቻውን አያሳምነኝም። ሐይቅም ሆነ ውጫሌ በገበያ ቀን ከወጣችሁ የከብት ተራውን እዩልኝ። አምና አንድ በሬ ስንት ኩንታል እህል ይገዛ ነበር፣ ዘንድሮስ? በሬው ረክሶ እህሉ ባለበት ከቆመ፣ ሻጩን ለምን እንደሚሸጥ ጠይቁት።