ለሴዞን ቢራ የሚሆን ውሃ፦ ጥንካሬና አልካሊነት

ሴዞን በደቡባዊ ቤልጂየም፣ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት የዋሎኒያ ክልል፣ በተለይም በኤኖ ክፍለ ሀገር የእርሻ መንደሮች ያደገ፣ ቀለሙ የፈካ፣ አረፋው የበዛና በምላስ ላይ የስኳር ጣዕም የማይተው ደረቅ የቢራ ዓይነት ነው። በዛሬው ጊዜ የዓይነቱ መለኪያ ተደርጎ የሚወሰደው ቱርፕ በተባለች መንደር የሚገኘው የዱፖን ጠመቃ ቤት ምርት ሲሆን፣ ጠመቃ ቤቱ ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ፣ ሴዞኑም 6.5 በመቶ አልኮል ያለው ነው። ይህን ቢራ በቤቱ ሊጠምቅ የተነሣ ሰው ስለ ብቅሉና ስለ እርሾው ብዙ ይመራመራል፤ የቢራውን እጅግ የሚበዛውን ክፍል የሚይዘውን ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቁጥር፣ ማለትም በጥንካሬው ብቻ ይመዝነዋል። ይህ ቁጥር ብቻውን ሲወሰድ ከመምራት ይልቅ ያሳስታል።

የውሃ ጥንካሬ የሚባለው በውሃው ውስጥ የሟሙት የካልሲየምና የማግኒዥየም ማዕድናት ድምር ነው። ጠንካራ ውሃ ሳሙና ቶሎ አያረፋም፤ ሲፈላም በማንቆርቆሪያው ግድግዳ ላይ ጋግሮ የሚቀር ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ልኬቱ በአብዛኛው የሚገለጸው ማዕድናቱ በሙሉ ካልሲየም ካርቦኔት ቢሆኑ በሊትር ስንት ሚሊ ግራም ይመዝኑ ነበር በሚል ስሌት ሲሆን፣ በተለመደው የአሜሪካ አመዳደብ እስከ 60 ድረስ ያለው ለስላሳ፣ ከ180 የሚያልፈው ደግሞ በጣም ጠንካራ ይባላል። ካልሲየሙ ወደ ውሃው የገባው ከባይካርቦኔት ጋር ከሆነ፣ ውሃው በሚፈላበት ጊዜ ካርቦኔት ሆኖ ስለሚዘቅጥ ጥንካሬው ጊዜያዊ ተብሎ ይጠራል፤ የማንቆርቆሪያውም ቅርፊት የዚህ ውጤት ነው። ከሰልፌት ወይም ከክሎራይድ ጋር የገባ ከሆነ ግን ፈልቶም አይለቅምና ቋሚ ጥንካሬ ይባላል። ሁለቱ በአንድ ስም ቢጠሩና በአንድ ቁጥር ቢደመሩም፣ በጠማቂው ድስት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ተቃራኒ ነው።

የተቃርኖው ምክንያት ያለው በድፍድፉ ውስጥ ነው። የተፈጨው ብቅል ከሙቅ ውሃ ጋር ተደባልቆ ከ62 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ሲቆይ፣ የብቅሉ ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ ኢንዛይሞቹም በደንብ የሚሠሩት የድፍድፉ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ ከ5.2 እስከ 5.6 ሲሆን ነው። ካልሲየም ከብቅሉ ከሚወጣው ፎስፌት ጋር ተዋህዶ ሲዘቅጥ አሲድ ስለሚለቅ ፒኤቹን ዝቅ ያደርጋል፤ ባይካርቦኔት ደግሞ አሲዱን እየዋጠ ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ይህ አሲድ የመዋጥ አቅም አልካሊነት ይባላል። ጀርመናዊው የጠመቃ ተመራማሪ ፓውል ኮልባክ በ1953 እ.ኤ.አ. ይህን ጉተታ በቀላል ቀመር አሳየ፦ ከውሃው አልካሊነት ላይ የካልሲየሙ መጠን ለ1.4፣ የማግኒዥየሙ ደግሞ ለ1.7 ተካፍሎ ሲቀነስ የሚተርፈው ቁጥር ቀሪ አልካሊነት ነው። ቀሪው በጨመረ ቁጥር ድፍድፉ ከሚፈለገው ፒኤች ይርቃል፤ ጣዕሙ ይደበዝዛል፣ ከብቅሉ ገለባም አፍ የሚያጣብቅ ታኒን ይወጣል።

ጉዳዩ በሴዞን ላይ የሚከብደው በብቅሉ ምክንያት ነው። ለሴዞን የሚውለው ፈዛዛው የፒልስነር ብቅል ከተጣራ ውሃ ጋር ብቻ ቢደባለቅ እንኳ የድፍድፉ ፒኤች 5.7 ገደማ ላይ ይቆማል፤ የተቆላ ብቅል በራሱ አሲድ ስለሚያመጣ ባይካርቦኔት የበዛበትን ውሃ ይችለዋል፣ ፈዛዛው ግን አይችለውም። ደብሊንና ሙኒክ በጥቁር ቢራቸው፣ የቼኳ ፒልሰን ደግሞ ማዕድን በሌለው ያህል በሚቆጠረው ውሃዋ በወርቃማ ቢራዋ የታወቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥንካሬና አልካሊነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለመረዳት የኢትዮጵያ የከርሰ ምድር ውሃ ከማንም መማሪያ መጽሐፍ የተሻለ ማስረጃ ነው። በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ካልሲየሙ አነስተኛ፣ ሶዲየም ባይካርቦኔቱ ግን የበዛ ውሃ ይገኛል፤ ሳሙና የሚያረፋ፣ በጥንካሬ ልኬት ለስላሳ የሚባል፣ በአልካሊነቱ ግን ለፈዛዛ ብቅል የማይስማማ ውሃ ነው። በመቀሌ ዙሪያ ደግሞ ውሃው በኖራ ድንጋይና በጂፕሰም ውስጥ ስለሚያልፍ ካልሲየምና ሰልፌት ይዞ ይወጣል። ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ወጥመድ በየቤቱ የሚገጠመው የውሃ ማለስለሻ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ካልሲየሙን በሶዲየም ይተካል እንጂ ባይካርቦኔቱን አይነካውም፤ ስለዚህ ጠማቂው የሚፈልገውን ወስዶ የማይፈልገውን ይተውለታል።

የኤኖ ውሃ በበኩሉ ጠንካራ ነው። አካባቢው ለኖራና ለሲሚንቶ ድንጋይ በሚቆፈርበት በቱርኔ ከተማ ዙሪያ ያለ የኖራ ድንጋይ ምድር ስለሆነ፣ የጉድጓዱ ውሃ ካልሲየምም ሰልፌትም ባይካርቦኔትም ተሸክሞ ይወጣል። ከዚህ ተነሥቶ የሴዞንን ውሃ በሚሊ ግራም እየቆጠሩ እንደ ኤኖ ጉድጓድ ለማድረግ መድከም በቤት ጠማቂዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም የሚመከር አይደለም። ገበሬው ጉድጓዱን አልመረጠም፤ ያገኘውን ውሃ በልምድ ተላመደው እንጂ። ከጉድጓዱ የሚወረሰው ጠቃሚ ነገር ካልሲየሙና ሰልፌቱ ነው፤ ባይካርቦኔቱ ግን ቢቀር ይሻላል።

ሰልፌት በቢራ ውስጥ የሆፕን ምሬት ጥርት አድርጎ ያወጣል፣ አጨራረሱንም ያደርቃል፤ ክሎራይድ ደግሞ ቢራውን ሙሉና ለዘብ ያለ ያደርገዋል። ሰልፌቱ እጅግ የበዛባት የእንግሊዟ በርተን በዚህ ስም አትርፋለች፤ በ19ኛው መቶ ዘመንም ሌሎች ጠማቂዎች የእርሷን ውሃ ለማስመሰል ጂፕሰም መጨመር ጀምረዋል። ለሴዞን ግን የበርተን ልክ ያለፈ ነው። የሴዞን እርሾ ስኳሩን አሟጦ ስለሚበላ፣ በሌላ ቢራ ውስጥ የማዕድኑን ሻካራነት የሚሸፍነው ጣፋጭነት እዚህ የለም፤ የሰልፌት መጠን በሊትር ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን ደረቁ አጨራረስ ወደ ኖራ መሰል ምሬት ይዞራል። ካልሲየም ከ50 እስከ 100፣ ሰልፌት ወደ 100፣ ክሎራይድ ከ50 እስከ 70፣ ቀሪ አልካሊነቱም ከዜሮ እምብዛም ያልራቀ ውሃ ለዚህ ቢራ አስተማማኝ መነሻ ነው።

አሠራሩ በምሳሌ ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል። የቧንቧ ውሃ በሊትር 80 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ 10 ማግኒዥየም፣ 250 ባይካርቦኔት፣ 40 ሰልፌትና 30 ክሎራይድ አለው እንበል። ካልሲየሙ በ2.5፣ ማግኒዥየሙ በ4.1 ተባዝቶ ሲደመር ጥንካሬው 241 ይሆናል፤ ባይካርቦኔቱ በ61 ተካፍሎ በ50 ሲባዛ አልካሊነቱ 205 ይወጣል፤ ቀሪ አልካሊነቱም ወደ 142 ይደርሳል። ይህ ውሃ ለጥቁር ቢራ ያገለግላል፤ ለሴዞን ግን አይሆንም። 20 ሊትር ቢራ ለማውጣት ወደ 30 ሊትር ውሃ ስለሚያስፈልግ፣ 15 ሊትር የቧንቧ ውሃ ከ15 ሊትር ማዕድኑ ከተጣራ ውሃ ጋር ሲደባለቅ ሁሉም ቁጥሮች በግማሽ ይወርዳሉ። ቀጥሎ 4.5 ግራም ጂፕሰምና 3 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ሲጨመር ካልሲየሙ ወደ 102፣ ሰልፌቱ ወደ 104፣ ክሎራይዱ ወደ 63 ከፍ ይላል፤ ቀሪ አልካሊነቱ ግን ወደ 27 ይወርዳል። የመጨረሻው ውሃ ጥንካሬ ሲሰላ 275 ገደማ ነው፤ ከመነሻው የበለጠ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ለፈዛዛው ብቅል እጅግ የተስማማ ሆኗል። ጂፕሰሙ ለምግብ የተዘጋጀ መሆን እንዳለበትና የግንበኛ ጀሶ እንደማይተካው መጥቀስ ትርፍ አይሆንም።

የቀረው ጥቂት አልካሊነትና የብቅሉ የራሱ ፒኤች የሚታረሙት በላክቲክ አሲድ ወይም አሲድ በያዘ ልዩ ብቅል ነው፤ ከጠቅላላው ብቅል 1 በመቶ የሚሆን የዚህ ብቅል መጠን የድፍድፉን ፒኤች በ0.1 ገደማ እንደሚቀንስ ይታሰባል። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ከድፍድፉ ጥቂት ተቀድቶ ወደ ክፍል ሙቀት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ በትኩሱ ሲለካ ንባቡ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ጠማቂው ያልደረሰበት ቦታ የደረሰ ይመስለዋል። የተጣራ ውሃ የማያገኝ ሰው የቧንቧውን ውሃ አፍልቶ፣ ነጩ ዝቃጭ ሲረጋ ከላይ ያለውን በጥንቃቄ ሊቀዳ ይችላል፤ ነገር ግን ከባይካርቦኔቱ ጋር ካልሲየሙም ስለሚዘቅጥ በጂፕሰም መተካት ይኖርበታል።

ከማዕድናቱ ሁሉ አስቀድሞ መወገድ ያለበት ግን ውሃውን ለማከም የሚጨመረው ክሎሪን ነው። ክሎሪን በጠመቃው ውስጥ ካሉ ፌኖሎች ጋር ተዋህዶ እንደ ፕላስቲክና እንደ መድኃኒት የሚሸት ውህድ ይፈጥራል፤ የሴዞን እርሾ ደግሞ በራሱ ቅርንፉድና በርበሬ የሚመስል ፌኖላዊ ጣዕም ስለሚሰጥ፣ ስሕተቱ ከእርሾው ጠባይ ጋር ተደባልቆ ቶሎ አይለይም። ተራ ክሎሪን ውሃው ክፍት ሆኖ ሲያድር ወይም ሲፈላ ይተናል፤ በአንዳንድ ከተሞች የሚጨመረው ክሎራሚን ግን በቀላሉ ስለማይለቅ በከሰል ማጣሪያ ወይም በጥቂት ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት ይወገዳል። የሰልፌቱን ልክ በተመለከተ ደግሞ ወጪ የማይጠይቅ ሙከራ አለ፤ ጂፕሰም በውሃ አሟሙቶ ተዘጋጅቶ ባለቀ ቢራ ብርጭቆ ውስጥ ጠብታ በጠብታ መጨመርና፣ ምንም ካልተጨመረበት ብርጭቆ ጋር እያነጻጸሩ መቅመስ ለሚቀጥለው ጠመቃ የሚሆነውን ግራም ከማንኛውም ሠንጠረዥ በተሻለ ያመለክታል።