ያልተሠሩ መኪኖች ትርኢት

የመኪና ትርኢት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ጄኔቫን፣ ፓሪስን ወይም ቶኪዮን ነው። እኔ በጉጉት የምጠብቃቸው ትርኢቶች ግን አዳራሽ የላቸውም፤ የሚቀርቡባቸውም መኪኖች በየትኛውም አገር መንገድ ላይ አይገኙም። ሠሪዎቹ የዕለት እንጀራቸው ከመኪና ጋር የማይገናኝ ሰዎች ናቸው። ከሥራ መልስ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠው አንድ የሌለ ኩባንያ ያቋቁማሉ፤ ስምና አርማ ያወጡለታል፤ ሞተር ይሠሩለታል፤ አካል ያለብሱታል። ከዚያ ቀን ተቆርጦ ሁሉም የደከመበትን ይዞ ይወጣል። የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ስለበዛ ነው ይህን መጻፌ።

መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ኦቶሜሽን የሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። የሠራው ካምሻፍት ሶፍትዌር የተባለ የኒውዚላንድ ድርጅት ሲሆን፣ ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታዎች መደብር ለገበያ መቅረብ የጀመረው በ2015 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሞተሩ ከዜሮ ይጀመራል፤ የሲሊንደሩን ብዛትና አሰላለፍ፣ የፒስተኑን ስፋትና ምት፣ ካርቡራተር ወይም ኢንጀክሽን፣ እስከ ማርሚታው ድረስ ሠሪው ይመርጣል። ቤንዚኑ ከሚችለው በላይ እንዲያምቅ ካደረገው ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፈተናውንም አያልፍም። አካሉ ይሳባል፣ ያጥራል፣ ይሰፋል፤ መብራት፣ እጀታ፣ ስፖኪዮና አርማ አንድ በአንድ ይለጠፍበታል። ያለቀውን መኪና ጀርመኖች ወደሠሩት ቢም ኤን ጂ ድራይቭ ወደሚባል የመንዳት ጨዋታ አሻግሮ መንዳትም ይቻላል፤ እዚያ ፍሬኑ ደካማ የሆነ መኪና ደካማነቱን በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ያሳያል።

የትርኢቱ ሥርዓት ቀላል ነው። አዘጋጁ ዘመኑን ይወስናል፦ ለምሳሌ 1965 ወይም 1988። ተሳታፊው የዚያን ዓመት መኪናውን በፎቶግራፍ፣ በቴክኒክ ዝርዝርና በኩባንያው ታሪክ አጅቦ ያቀርባል። አንዳንዱ ኩባንያውን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ እስከ ዛሬ አምጥቶታል፤ የከሰረበትን ዓመት፣ ከሌላው ተሳታፊ ኩባንያ ጋር ሞተር የተጋራበትን ውል ሁሉ መዝግቦ ይዟል።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ። ሰዉ ስለዚህ ሥራ ካለው የተሳሳተ አስተሳሰብ ሁሉ የከፋው፣ «መኪናው የሌለ ከሆነ ምን ይከለክለዋል? እንደፈለገ ይሥራው» የሚለው ነው። እንደፈለገ የተሠራ መኪና በትርኢቱ ላይ ማንንም አያስቆምም። ተመልካችን የሚያስቆመው «ይህንማ የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ» የሚያሰኘው ነው፤ ያ እንዲሆን ደግሞ መኪናው የተባለበትን አገርና ዓመት ሕግ ማክበር አለበት። የሕጉ መታያ ደግሞ ከሁሉ በፊት የፊት መብራት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከ1940 ሞዴል ጀምሮ የመኪና የፊት መብራት አንድ ዓይነት ብቻ ሆነ፤ ስፋቱ 7 ኢንች የሆነ ክብ መብራት፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ። አምፖሉ፣ አንጸባራቂውና መስተዋቱ አንድ ላይ የታሸጉ ስለሆኑ ሲቃጠል የሚቀየረው ሙሉው ነው። ምክንያቱ ጤናማ ነበር። ከዚያ በፊት አቧራና እርጥበት እየገባ አንጸባራቂውን ያደበዝዘው ነበር፤ የየኩባንያው መብራት ደግሞ የተለያየ ስለነበር መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም። አዲሱን ማንኛውም ነዳጅ ማደያ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠው ጀመር። ውጤቱ ግን ከካዲላክ እስከ ርካሹ ቼቭሮሌት ድረስ ሁሉም መኪና በተመሳሳይ ዓይን ማየቱ ነው። ንድፍ አውጪው ፊቱን የሚለይበት ነገር አጥቶ ወደ ፍርግርጉ፣ ወደ ኒኬሉና ወደ ፓራውልቱ ዞረ። የ1950ዎቹ የአሜሪካ መኪኖች አፋቸው ለምን እንዲያ እንደተጋነነ ለሚጠይቀኝ ሰው የምሰጠው አንዱ መልስ ይህ ነው።

በ1957 አንዳንድ ፋብሪካዎች በ4 ትንንሽ ክብ መብራቶች ብቅ አሉ፤ በዓመቱ ነገሩ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። አራት ማዕዘን መብራት የተፈቀደው ግን ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ እሱም ቢሆን በታወቀ ልክ፣ ያው የታሸገው ዓይነት። የ1976ቱ ቼቭሮሌት ሞንቴ ካርሎ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ያቆማቸው፣ ባለው ጥቂት ነፃነት ሊጫወት ፈልጎ ነው። አምፖሉ ብቻ የሚቀየርለትና ቅርጹ ከአካሉ ጋር የሚሄድ መብራት የተፈቀደው በ1983 ሲሆን፣ ይዞት የወጣው የ1984ቱ ሊንከን ማርክ 7 ነው። ከዚህ በፊት አውሮፓውያን የፈለጉትን ቅርጽ ሲሠሩ ኖረዋል።

ይህን በአገራችን ሰው ዓይን ለማየት ፔዦ 504ን ማሰብ በቂ ነው። በ1968 ሲወጣ ጥግ ጥጉ የተሳለ፣ ወደ ውጭ የተሳበ የፊት መብራት ነበረው፤ አዲስ አበባ ላይ ያደገ ሰው ያንን አተያይ ከሩቅ ይለየዋል። አሜሪካ የገባው 504 ግን ያንን አጥቶ በ4 ክብ መብራቶች ነው የተሸጠው። መኪናው ያው ነው፣ ብረቱ ያው ነው፣ ፊቱ ግን የሌላ ሰው ፊት ነው። ሲትሮየን ዲኤስ በ1967 በመስተዋት ሥር ከመሪው ጋር የሚዞር መብራት ሲያወጣ ይህ መብራት ወደ አሜሪካ አልተሻገረም። የጃጓር ኢ-ታይፕ የመብራት መሸፈኛ መስተዋትም በዚያው ሕግ ምክንያት ወልቋል። መብራትን ኮፈን ውስጥ ደብቆ ማታ ማታ ማውጣት የሚባለው ብልሃት ብዙ ፈላጊ ያገኘውም ንድፍ አውጪዎቹ የታሸገውን መብራት ከቀን ብርሃን ለመሰወር ስለፈለጉ ጭምር ነው።

አንድ ጊዜ ዘመኑ 1979 በተባለ ትርኢት አንድ ወጣት የአሜሪካ የቤተሰብ መኪና አቀረበ። ስፋቱ፣ የኋላ ምሰሶው፣ የቀለሙ ቡናማነት ድንቅ ነበር፤ የፊት መብራቱ ግን ከፓራፋንጎው ጋር ተጠማዝዞ የሚሄድ፣ የ1990ዎቹ ዓይነት ነበር። የተሰማኝን በትሕትና ጻፍኩለት። አልተቀየመም፤ መብራቱን አውልቆ በ4 ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተካው። ያኔ ያስገረመኝ የተከተለው ነው። አራት ማዕዘኖቹ ቀጥ ብለው መቆም ስላለባቸው የፊቱን ዘንበል ማቃናት ነበረበት፤ ፊቱ ሲቃና የኮፈኑ ጫፍ ከፍ አለ፤ ኮፈኑ ከፍ ሲል ፍርግርጉ ረዘመ፤ የጎኑ መስመር ደግሞ ከፊቱ ጋር እንዲስማማ ጠፍጠፍ አለ። መብራት ለመቀየር የገባ ሰው መኪናውን በሙሉ እንደገና ሠርቶ ወጣ። ያ ሁለተኛው መኪና እስካሁን ካየኋቸው ምናባዊ መኪኖች ሁሉ እጅግ አሜሪካዊው ነው። ሕግ የንድፍ ጠላት ነው የሚሉኝን ሰዎች ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አሳያቸዋለሁ።

ሌሎቹን ሕጎች ቶሎ ልለፋቸው። አሜሪካ ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የጎን መብራት፣ ከ1973 ጀምሮ በሰዓት 5 ማይል ግጭት የሚችል የፊት ፓራውልት፣ ከ1986 ጀምሮ በኋላ መስተዋት ከፍታ ሦስተኛ የፍሬን መብራት አስገድዳለች። ጃፓን ትንንሾቹን መኪኖቿን በሞተር ልክ ስለገደበች ከ360 ሲሲ ወደ 550፣ በ1990 ደግሞ ወደ 660 ያደጉት በሕግ ነው። ጣሊያን ከ2 ሊትር በላይ የሆነን ሞተር በታክስ ስለቀጣች ፌራሪ እንኳ ባለ 2 ሊትር 208 ለመሥራት ተገዷል። የ1980 የጣሊያን የቅንጦት መኪና ይዞ የሚመጣ ተሳታፊ ባለ 1,995 ሲሲ ሞተር ካልሰጠው ለምን እንዳልሰጠው ሊነግረኝ ይገባል።

ወቀሳም አለኝ። የፈረስ ጉልበት ያለልክ የሚጨምሩ አሉ። የ1972 የቤተሰብ መኪናን 400 ፈረስ የሚያስጎትት ሰው ያን ዓመት አሜሪካ ውስጥ ምን እንደሆነ ቢያነብ ይጠቅመው ነበር፤ ሞተሩ ራቁቱን ተለክቶ ይነገር የነበረው ጉልበት ቀርቶ፣ ከነማርሚታውና ሞተሩ ላይ ከሚገጠሙት ዕቃዎች ጋር ተለክቶ መነገር የጀመረው ያኔ ነው፤ ቁጥሩም በአንድ ጊዜ ወረደ። ይህን የማያውቅ ሠሪ የ1970ውን ብሮሹር ቁጥር በ1973 መኪና ላይ ይለጥፋል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የፎቶግራፉ ነገር ነው። ወራት የለፋበትን መኪና በጨለማ፣ በዝናብና በኒዮን መብራት ውስጥ ደብቆ የሚያሳይ ሰው ምን እንዲታይለት ነው የሚፈልገው? ካሜራውን አስጠግቶ በሰፊ ሌንስ ሲያነሳው ደግሞ አፍንጫው ያብጣል፣ ኋላው ይኮሰምናል፤ በስንት ድካም የተለካ ሚዛን ይጠፋል። ራቅ ብሎ፣ በጠባብ ሌንስ፣ በቀን ብርሃን፣ ከፊት በጎን በኩል አንድ፣ ከኋላ በጎን በኩል አንድ፣ ከቀጥታ ጎን አንድ። የቀጥታ ጎኑን ፎቶግራፍ የማያወጣ ሠሪ አብዛኛውን ጊዜ የጎማውና የአካሉ ርቀት እንዳልተስማማለት ያውቃል።

የሌለ መኪና ነድፎ ለውድድር ማቅረብ አዲስ ነገር አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ ከ1930 እስከ 1968 ድረስ የፊሸር ቦዲ ክራፍትስማን ጊልድ የሚባል የወጣቶች ውድድር ነበረው። መጀመሪያ የሚሠራው የናፖሊዮን ሠረገላ ሞዴል ነበር፤ ከ1937 ጀምሮ ግን ልጆቹ የራሳቸውን የሕልም መኪና በ12ኛ እጅ መጠን በገዛ እጃቸው ጠርበው ይልኩ ጀመር። በ1947 ካሸነፉት አንዱ ቻርልስ ጆርዳን ነው፤ በ1986 የዚያው የጄኔራል ሞተርስ የዲዛይን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2020 የጄኔቫ ትርኢት በኮሮና ምክንያት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሲሰረዝ፣ ታላላቆቹ ኩባንያዎችም አዲስ መኪኖቻቸውን በስክሪን ብቻ ለመግለጥ ተገደዱ። የኛ ሰዎች ያንን ሥራ ለምደውት ነበር።

ልጀምር ለሚል ሰው ምክሬ አጭር ነው። ባለ 12 ሲሊንደሩን ለጊዜው ይተወው። አንድ አገርና አንድ ዓመት ይምረጥ፤ የዚያን አገርና ዓመት የእውነት መኪኖች ፎቶግራፍ ሰብስቦ የፊት መብራታቸውን፣ ፍሬቻቸውንና የሰሌዳ ቦታቸውን ይይ። ከዚያ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 1.3 ሊትር፣ ባለ 4 በር የቤተሰብ መኪና ይሥራ፤ ቸርኬውም የብረት ይሁን። የመምህር ደሞዝ የሚገዛው መኪና ይሁን፤ የቅንጦቱን ዝርዝር ቆርጦ ዋጋውን ማውረድ ሞተር ከማሳበጥ እንደሚከብድ በመጀመሪያው ሳምንት ያየዋል።