ፊልም ለምን ይቃጠላል?

አንዲት እናት ፎቶግራፍ ለመነሣት ከሩቅ ቀበሌ ገረሴ ገበያ በእግራቸው መጡ እንበል። ዘመኑ ስልክ ፎቶ ማንሣት ያልጀመረበት ዘመን ነው። እናቲቱ ነጭ ነጠላቸውን ለበሱና ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ፎቶ አንሺው አነሣቸው፤ እሳቸውም ከፈሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፎቶውን ሊወስዱ ሲመጡ ግን ፊታቸው በነጭ ጭረት ተሸፍኖ አገኙት። ፎቶ አንሺው፣ «ምን ይደረግ እማማ፣ ፊልሙ ተቃጠለ» አላቸው። አንዱ ጎረቤት «ዕድልዎ አይደለም» አለ። ሌላው «ዓይነ ጥላ ነው» አለ። እናቲቱ ዳግመኛ ሳይነሡ ቀሩ። በዓመቱ ሲያርፉ፣ ለልጅ ልጆቻቸው የሚታይ መልክ አልተረፈም።

ለመሆኑ ፊልሙን ያቃጠለው ምንድን ነው? እሳት አይደለም። ዕድልም፣ ዓይነ ጥላም አይደለም። ብርሃን ነው። ብርሃኑም የገባበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳ ከሆነ ደግሞ ይፈለጋል፤ ይገኛል፤ ይደፈናል።

ካሜራ ጨለማ ቤት ነው

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መስኮት የሌለው የሣር ቤት ውስጥ በቀትር ግቡና በሩን ዝጉ። ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለ፣ የፀሐይ ጨረር እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይገባል። ቀዳዳው ፀሐይ ወደመታው ደጅ የሚያይ ከሆነ ደግሞ፣ ከፊት ለፊቱ ነጭ ጋቢ ዘርጉ። ቤቱ በደንብ ከጨለመ፣ የደጁ ዛፍ ተገልብጦ ጋቢው ላይ ይታያችኋል። ኢብን አል ሃይሠም የተባለው ሊቅ ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት የብርሃንን ጠባይ በጨለማ ክፍልና በቀዳዳ መርምሯል።

የካሜራም ነገር ይኸው ነው። ጨለማው ቤት የካሜራው ሆድ ነው። ቀዳዳው ሌንሱ ነው። ጋቢው ፊልሙ ነው። ልዩነቱ፣ ጋቢ ያየውን አይዝም፤ ፊልም ግን የነካውን ብርሃን ሁሉ ይይዛል። በፊልሙ ላይ የተቀባው የብር ውሁድ ብርሃን ሲነካው ይለወጣል፤ በመድኃኒት ሲታጠብም ይጠቁራል።

ስለዚህ ብርሃን መግባት ያለበት በአንድ በር፣ ያውም ለቅጽበት ነው። በፀሐይ ፎቶ ሲነሣ የካሜራው መጋረጃ የሚከፈተው ለአንድ ሰከንድ 1/125 ያህል ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ግን ከዚያ 450,000 ጊዜ ይበልጣል። ከአርባ ምንጭ እስከ ገረሴ ካሜራውን በፀሐይ አንጠልጥሎ ለሚመጣ ሰው፣ ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ቢያህል እንኳ ፊልም ለማበላሸት ጊዜ አለው።

ቀዳዳው የት ነው?

እንደ ካሜራው ዓይነት ይለያያል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ በነበረበት ዘመን፣ ብዙዎቹ ካሜራዎች እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚተጣጠፍ ክፍል ነበራቸው። የወናፍ ደካማ ቦታው እጥፋቱ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ይበሳል። በኋላ ከተሠሩት የጃፓን ካሜራዎች ብዙዎቹ ደግሞ በኋላ በራቸው ዙሪያ ጥቁር ስፖንጅ አላቸው። ይህ ስፖንጅ ሲያረጅ ወይ እንደ ቅጥራን ይጣበቃል፣ ወይ እንደ ዱቄት ይፈረፈራል። ሙቀትና እርጥበት እርጅናውን ያፋጥኑታል።

ቀዳዳውን የሚናገረው ራሱ ፊልሙ ነው። የታጠበውን ፊልም ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩ። ቃጠሎው በፊልሙ ላይ ጥቁር፣ በታተመው ፎቶ ላይ ነጭ ነው። ጥቁረቱ ከፎቶው ክልል አልፎ፣ በፊልሙ ግራና ቀኝ እስከተደረደሩት ቀዳዳዎች ከደረሰ፣ ብርሃኑ የገባው ብዙውን ጊዜ በኋላ በር ነው። በፎቶው ክልል ውስጥ ብቻ ከቀረ ግን፣ ጥፋቱ ከፊት ነው፤ መጋረጃውን ወይም ወናፉን ጠርጥሩ። በባለ ቀለም ፊልም ከኋላ የገባ ብርሃን በታተመው ፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ ይወጣል። ቀይን የሚቀበለው የፊልሙ ንጣፍ ከበስተኋላ ስለሆነ፣ ብርሃኑ መጀመሪያ እሱን ያገኘዋል።

ጥርጣሬን በሙከራ ማረጋገጥ ይገባል። የኋላውን በር መገጣጠሚያ ዙሪያውን በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ሸፍኑና ጥቂት ፎቶ አንሡ። ቃጠሎው ከጠፋ ጥፋቱ እዚያው ነበር ማለት ነው። ወናፍ ላለው ካሜራ ደግሞ ፊልሙን አውጡ፤ ጨለማ ክፍል ግቡ፤ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ወናፉ ውስጥ አስገቡ። ከውጭ ስታዩት እንደ ኮከብ ብልጭ የሚል ነጥብ ሁሉ ቀዳዳ ነው።

ጥገናው

አንደኛ፣ አሮጌውን ስፖንጅ አንሡ። በብረት አትፋቁ፤ ብረት ካሜራውን ይጭረዋል። እንጨት እንደ መፋቂያ ጠርባችሁ፣ ጫፉን አልኮል አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። አልኮል ይነዳልና ከእሳት አርቁት። ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ የካሜራውን አፍ ወደ ታች ያዙ። መጋረጃውን በጣት አትንኩ።

ሁለተኛ፣ ቦዩን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና አድርቁ።

ሦስተኛ፣ አዲስ መዝጊያ አስገቡ። ልዩ ስፖንጅ ባይገኝ ጥቁር የሱፍ ክር ወይም በቀጭኑ የተቆረጠ ጥቁር ከፋይ ይሠራል። በጋሞ ምድር ክር የሚያውቅ እጅ አይጠፋም፤ ለክሩ ውፍረት ሸማኔ ብታማክሩ አታፍሩበትም። ክሩ ከቀጠነ ብርሃን ያሳልፋል። ከወፈረ በሩ አይዘጋም፤ በግድ ቢዘጋም ማጠፊያው ይጣመማል። ማጣበቂያው እጅግ ጥቂት ይሁን፤ ከመጠን ካለፈ ወደ ፊልሙ ይደርሳል።

የወናፍን ቀዳዳ በጥቁር የጨርቅ ቀለም በስሱ ቀቡት። እስኪደርቅ ድረስ ተዘርግቶ ይደር፤ እርጥብ ሳለ ከታጠፈ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ፕላስተር ለጊዜው ይረዳል እንጂ አይበጅም፤ ወናፉን ስለሚያወፍረው መተጣጠፍ ይከለክለዋል። መጋረጃው ራሱ ተበስቶ እንደሆነ ግን አትነካኩት። ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

በመጨረሻ በአንድ ፊልም ሞክሩት። የሰው ሠርግና የሰው ለቅሶ መሞከሪያ አይሁን።

አያያዝ

ፊልም በጥላ ሥር አስገቡ፤ በጥላ ሥርም አውጡ። ካሜራውን በመኪና መስኮት ሥር በፀሐይ አትተዉት። ገረሴ ደጋ ነው፤ አርባ ምንጭ ቆላ ነው። ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ስትወርዱ ካሜራው ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ስለዚህ እስኪሞቅ ድረስ ከቦርሳው አታውጡት።

ዛሬ ብዙው ሰው ፎቶ የሚያነሣው በስልክ ነው። ሆኖም የአባት ካሜራ በሣጥን ተቀምጦ በብዙ ቤት ይገኛል። አውጥታችሁ ልትሠሩበት ብታስቡ፣ መጀመሪያ የኋላ በሩን ከፍታችሁ ስፖንጁን ንኩት። ጣታችሁ ላይ ጥቁር ቅባት ከቀረ፣ ፊልም ከማስገባታችሁ በፊት ጠግኑት።

የእነዚያ እናት ጥፋት በፊታቸው ላይ አልነበረም፤ በዕድላቸውም አልነበረም። ከአንድ ክንድ የማይበልጥ የሱፍ ክር የሚደፍነው ስንጥቅ ነበር። ፎቶ አንሺው ቀደም ብሎ አይቶት ቢሆን ኖሮ፣ መልካቸው ዛሬ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።