ያውቁ ኖሯል? የት ተሠርታ፣ የት ሥራ ጀመረች?

• የ«ስታር ትሬክ» ዝነኛ የጠፈር መንኮራኩር «ኢንተርፕራይዝ» በምናብ ታሪኳ መሠረት ወደ ጠፈር የወጣችው በ2245 ነው። በ1960ዎቹ ተከታታይ ፊልም ውስጥ የተለጠፈባት ሰሌዳ የሚጠቅሰው ሳን ፍራንሲስኮን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ፊልም ደግሞ አይዋ ግዛት፣ መሬት ላይ ስትገነባ ያሳያል። አንዲት መንኮራኩር፣ ሁለት የትውልድ ቦታ!

• ኢትዮጵያም በፊልም መንኮራኩር አላት። እ.ኤ.አ. በ2015 ለእይታ የበቃው «ክራምብስ» ዳሎልን ከቀረጻ ቦታዎቹ አንዱ አድርጓል። በታሪኩ ውስጥ የዛገች መንኮራኩር ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ ትታያለች፤ ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ደግሞ ከሌላ ዓለም እንደመጣ ያምናል።

• ከምናብ ወደ እውነቱ ስንመጣ፣ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ መጠቀች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ትእዛዝ ይተላለፍላት የነበረው ከእንጦጦ ሲሆን፣ እንደ መተማና ቋራ ያሉ የሰሊጥ አገሮችን ከላይ ሆኖ ለማየት ለሚያስችል ሥራ፣ ማለትም ለግብርና፣ ለውኃና ለደን ጥናት የታሰበች ነበረች።

• የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» የተሠራችው በሐይቅ ዳር መሆኑንስ? አሜሪካኖች በዋሽንግተን ሐይቅ ዳርቻ ገንብተው እ.ኤ.አ. በ1944 «ኦርካ» ብለው ለአገልግሎት አሰማሯት። በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

• በክረምት ሞልቶ የሚያስፈራው የመተማው ጓንግ ወንዝ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ከዚያም ከአባይ ጋር ይቀላቀላል። ውኃው ወርዶ በሚያልፍባት በአባዲያ፣ እንግሊዞች «መሊክ» የተባለችውን የጦር ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1898 ገጣጥመዋታል። ክፍሎቿ የተሠሩት ለንደን፣ ቺዝዊክ ውስጥ ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እዚያ የወጓቸው የሱዳን ማህዲስቶች ጦር በኦምዱርማን ሲደመሰስ «መሊክ» ወንዙ ላይ ሆና ትተኩስ ነበር።

• የቋራው ካሣ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት፣ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ነው። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ ተራራና ሸለቆ አቋርጦ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ ይገኛል፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ግን አምሳያው ነው።