ያውቁ ኖሯል? ፊቱ ታይቶ የሚገዛው መጽሐፍ

አምቦ መናኸሪያ አውቶቡሱ እስኪሞላ ሲጠብቁ መጽሐፍ አዟሪው ይመጣል። ክምሩን ከሆዱ እስከ አገጩ ደርድሮ በግራ ክንዱ አቅፎታል። ለእርስዎ የሚታየው የመጻሕፍቱ ጀርባ ብቻ ነው፤ ጣት የምታህል ስፋት ያላት፣ ርዕስና የደራሲ ስም የተጻፈባት ጠርዝ። ሠዓሊው ስንት ቀን የደከመበት የፊት ሽፋን ከሌላው መጽሐፍ ሥር ታፍኖ ተኝቷል። ዓይንዎ አንዱ ርዕስ ላይ ትንሽ ከቆየ ግን ልጁ ወዲያው ያውቃል፤ ክምሩ ሳይናድ ያንኑ መጽሐፍ መዝዞ ፊቱን ያሳይዎታል። ሽያጩ ያለቀው ወይም የከሸፈው ያን ጊዜ ነው። የዛሬው ዓምዳችን ስለዚያ ፊት ነው፤ በተለይም ለወጣት አንባቢ ተብሎ ስለሚሠራው።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ የወንድ ልብስ የለበሰች ልጃገረድ መሆኗን ያውቁ ኖሯል? ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አሳተሙ። ጦቢያ መንትያ ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትወጣ ወንድ መስላ ነው። መጽሐፉም ኋላ በሕዝብ አፍ የተጠራው በእሷው ስም ነው። ደራሲው ደግሞ ቱሪን ሄደው ሥዕል የተማሩ ሠዓሊ ነበሩ። ይህን ታሪክ ዛሬ አንድ የለንደን አሳታሚ ቢያገኘው ሳያመነታ «ለወጣቶች» ከሚለው መደርደሪያ ይሰቅለው ነበር፤ ሽፋኑም ላይ ፀጉሯን በሻሽ የሸሸገች ልጅ ቀጥ ብላ ታየን ነበር።

የመጀመሪያውን የሃሪ ፖተር ሽፋን የሣለው ቶማስ ቴይለር ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት ነበር፤ የሚሠራውም የልጆች መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። ያ የውኃ ቀለም ሥዕል በ2024 ኒውዮርክ ውስጥ በሐራጅ 1.92 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

አሳታሚው እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚያው መጽሐፍ ሁለተኛ ሽፋን አሠራለት፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፣ ጭምት ያለ። ውስጡ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ትልልቆቹ አንባቢዎች ባቡር ላይ የልጅ መጽሐፍ ይዘው መታየት ያፍሩ ነበርና ነው።

ከጥቁር መደብ ላይ ቀይ ፖም የያዙ ሁለት የገረጡ እጆችስ ትዝ ይሉዎታል? እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የ«ትዋይላይት» ሽፋን ነው። ከዚያ በኋላ የወጣቶች መደርደሪያ ለዓመታት ጠቆረ። በ2009 ደግሞ ነገሩ ወደኋላ ሄደና ከ160 ዓመት በላይ የኖረውን የኤሚሊ ብሮንቴን «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ጥቁር ሽፋን አልብሰው፣ የትዋይላይት ጥንዶች የሚወዱት መጽሐፍ ነው ብለው ከፊቱ ጻፉበት። ሟቿ ደራሲ ሰምታ ቢሆን ምን ትል ነበር!

«ሃንገር ጌምስ» (2008) የሰው ፊት ጨርሶ ትቶ አንዲት የወርቅ ወፍ ብቻ አሳየ። እሱም እንዲሁ ብዙ ተከታይ አፈራ።

አሁን ትንሽ ረጋ እንበል። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ «ላየር» የሚባል የወጣቶች ልብ ወለድ ሊወጣ ነበር። የጀስቲን ላርባለስቲር ነው። ባለታሪኳ ማይካ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ጥቁር ልጅ ናት። አሳታሚው ያዘጋጀው ሽፋን ግን ረጅም ፀጉር ያላት ነጭ ልጅ ነበር። ደራሲዋ አልተስማማችም፤ አንባቢዎችም ተቆጡ። መጽሐፉ ሳይወጣ ሽፋኑ ተለወጠ። በጊዜው ደራሲዋ የተናገረችው ነገር ከሽፋኑ ይብሳል፦ ጥቁር ፊት ያለበት ሽፋን አይሸጥም የሚል እምነት በአሳታሚዎች ዘንድ አለ አለች። እ.ኤ.አ. በ2017 «ዘ ሄት ዩ ጊቭ» ወረቀት ዘርግታ የቆመች ጥቁር ልጅ ሽፋኑ ላይ አድርጎ ወጣ፤ በ2018 ደግሞ የቶሚ አዴየሚ «ችልድረን ኦፍ ብለድ ኤንድ ቦን» ነጭ ፀጉር ባላት ጥቁር ልጅ ፊት መጣ። ሁለቱም እንደ ጉድ ተሸጡ። ያ «አይሸጥም» የሚለው ወሬ ድሮም ማንም ሞክሮት ሳይሆን ተፈርቶ የኖረ ነበር ብል አልሳሳትም።

ስለ አፍሪካ የሚጻፉ ልብ ወለዶች በአንድ ዛፍ እንደሚታወቁስ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ አንባቢ የእነዚህን መጻሕፍት ሽፋኖች ጎን ለጎን ደርድሮ ለጠፋቸው። ናይጄሪያ ይሁን ደቡብ አፍሪካ፣ በረሃ ይሁን ከተማ፣ ሁሉም ላይ ብርቱካንማ ጀምበር ትጠልቃለች፤ ከፊቷም አንድ ግራር ብቻውን ቆሟል። ግራርን አንጠላም፤ ስምጥ ሸለቆ ወርደን ከጥላው አርፈናል። ነገር ግን ከጊንጪ ወጣ ብሎ ያለው ጭልሞ ደን ውስጥ ገብተው ቢያዩ የሚያገኙት ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ነው፤ ጠዋት ጉም ይተኛበታል፣ ብርዱም ጋቢ ያስደርባል። የምዕራብ ሸዋ ልጅ ታሪክ አንድ ቀን ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ግራር ሥር ቢወጣ ጭልሞ ይታዘበናል።

በነገራችን ላይ፣ ኢትዮጵያዊ ባለታሪክ ያለው የእንግሊዝኛ የወጣቶች ልብ ወለድ አለ። «ሬፊዩጂ ቦይ» ይባላል፤ የቤንጃሚን ዘፋንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። ዓለም የተባለው ልጅ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። የሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲመጣ ከሁለቱም ወገን መሆን አቃተው፤ አባቱም እንግሊዝ ወስዶ ትቶት ተመለሰ። ወደ መድረክ ያመጣው ሌላው የእኛ ልጅ ለምን ሲሳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እንግሊዝኛ ርዕስን በትልልቅ ፊደላት አስጩሆ መጻፍ ይችላል፤ የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም። የአማርኛ ሽፋን ሠሪ ማስጮህ ሲፈልግ ማወፈር፣ ማስፋት ወይም ማቅለም አለበት። አዲስ የፊደል ቅርጽ ልሥራ ቢል ደግሞ ሠላሳ ሦስቱን በሰባት አባዝቶ 231 ሆሄ ይሥላል፤ ዲቃላዎቹ ገና ናቸው። ለዚህ ነው ብዙ ሽፋኖቻችን ሥዕላቸው እየተለያየ ፊደላቸው የአንድ እናት ልጆች የሚመስለው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በየኮምፒዩተሩ የገባው የአማርኛ ፊደል ስም ኒያላ ነው፤ አዎ፣ በባሌው እንስሳ ስም።

አምቦ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሁለት ፊደል ጎን ለጎን ይቆማል። ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጻፋል፤ ቁቤ ድምፅ ሲረዝምም ሲጠብቅም ፊደሉን ይደግማል። «አምቦ» በእኛ ፊደል ሦስት ሆሄ ነው፤ በቁቤ አምስት። «ፊንፊኔ» አራት ነው፤ በቁቤ ዘጠኝ። ረጅም ርዕስ ይዞ የመጣ ደራሲ ሽፋን ሠሪውን ላብ ያስጠምቀዋል።

አጭር ርዕስ ግን ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ከአምቦ ራቅ ሳይል ቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 ዓ.ም. ያወጡት የግጥም መድበል «እሳት ወይ አበባ» ይባላል። ሦስት ቃል፤ ሁለት ሥዕል፤ መሃል ላይ ደግሞ ማንም ሊሥለው የማይችል «ወይ»።

ሽፋን ከውጭ የመጣብን ፋሽን እንዳይመስልዎ። የብራና መጽሐፍ ሽፋን የእንጨት ገበታ ነው፤ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ጥድ። ደጓሹ ገበታውን ቆዳ ያለብሰውና በጋለ ብረት እየተጫነ መስቀልና ሐረግ ያትምበታል። ከዚያ ማኅደር ይሰፋለታል፤ ቀበቶ ያለው የቆዳ ቤት፣ ትከሻ ላይ የሚነገት። ዓድዋ አጠገብ አባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ብራናቸው ሲመረመር ዕድሜው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ከወንጌሎቹ የአንዱ ገበታ በወርቅ በተቀባ መዳብ ተለብጧል፤ ከመጽሐፋቸው ሳይለዩ ከቆዩ የዓለም ሽፋኖች አንጋፋው ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

እኔ ደግሞ «ሰመመን»ን ያነበብኩት ያለ ሽፋን ነው። የሲሳይ ንጉሡን የዩኒቨርሲቲ ፍቅር ያላነበበ ጎረምሳ በእኛ ዘመን አልነበረም፤ የሚያነበው ግን ተከራይቶ ነው። አከራዩ መያዣ ይቀበልና በካኪ ወረቀት የተለበጠ፣ ጫፉ የተጠቀለለ መጽሐፍ ያቀብላል። እውነተኛው ሽፋን ከስንተኛው ተከራይ ጋር እንደቀረ እሱም አያውቅ። የባለታሪኮቹን መልክ ሁላችንም በየራሳችን ሥለን ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ሽፋን ያለው ቅጂ ሳገኝ ቅር አለኝ።

የኋላ ሽፋንም አይረሳ። የደራሲው ፎቶ፣ የወዳጅ ምስጋና፣ ከግርጌ ዋጋ። ዋጋው ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ካለች በጥፍርዎ ፈቅፈቅ ያድርጓት፤ ድሮ ስንት እንደነበር ያያሉ።

ከሁሉም ትንሹ ፊደል ግን ያለው የርዕሱ ገጽ ጀርባ ላይ ነው፤ «የሽፋን ሥዕል» ተብሎ ስም የሚጻፍበት። አዟሪው መጽሐፍ መዝዞ ሲሰጥዎ ገለጥ አድርገው ያንን ስም ያንብቡ። ስሙ ከሌለ ደራሲውን ባገኙ ጊዜ ማን እንደሣለው ይጠይቁልን።